ደረሰኝ የሆነችው ኢክላስ

እስቲ ያን ወረቀት ቀና ብላችሁ እዩት። ናይሮቢ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ከሚሸጥባቸው ሱቆች በብዙዎቹ ከባንኮኒው ጀርባ ተለጥፏል፤ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊ፣ አንዳንዱ ቤት በአማርኛም ጭምር፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።» ጠርዙ በፕላስተር ተይዟል፣ ፀሐይ ቢጫ አድርጎታል፣ ዝንብ ተጫውቶበታል። እናንተ ግን ከሥሩ ቆማችሁ በዋጋ ስትከራከሩ አንድ ቀን እንኳ «ይህን የፈቀደላችሁ ማነው?» ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ሕግ ይመስለናል። ማንም ተነሥቶ የፈለገውን ጽፎ ቢለጥፍ አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን።

ኢክላስም ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወረቀት ሥር ቆማለች። የምነግራችሁ የእሷን ታሪክ ነው። ጀግና አይደለችም፤ ጀግና የሚያምራችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደክሟት የኖረች፣ አሁንም የደከማት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

የተወለደችው ሞያሌ ነው። አባቷ ለንግድ ናይሮቢ እየተመላለሰ ሳለ እዚሁ ታሞ ሞተ። እናቷ ሞያሌ ቀርታ እሷን አክስቷ ሙርሺዳ ወስደው አሳደጓት። አክስቷ ኢስሊ ውስጥ አንድ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሴት ቀሚስና ሻሽ ይሸጣሉ። ሱቅ የላቸውም፤ ከሌላ ሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግተው ነው የሚሠሩት። የዚያ ሱቅ ባለቤት ጋሽ አብዱልአዚዝ ይባላሉ፤ ስልክና ላፕቶፕ ይሸጣሉ።

ጋሽ አብዱልአዚዝ የክፉ ቀን ሰው ናቸው። ይህን ማንም አይክድም፣ እኔም አልክድም። የኢክላስን አባት የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ከሞያሌ ስትመጣ እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ያስመዘገቧት፣ የመጀመሪያውን የደንብ ልብስ ያለበሷት እሳቸው ናቸው። የአክስቷ ጠረጴዛ ደጃፋቸው ላይ የተዘረጋውም በእሳቸው ፈቃድ ነው፤ የቤቱ ውል በስማቸው ነውና። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው «ደረሰኝ ይስጡኝ» የሚል ማነው?

የኛ ሰው ነገር እዚህ ላይ ነው። የማናውቀው ሰው ሱቅ ገብተን ደረሰኝ ካልተሰጠን እንጠረጥራለን። ያገር ልጅ ሱቅ ስንገባ ግን ደረሰኝ መጠየቅ «ሌባ ነህ» ከማለት እኩል ነው። ወንበር ተስቦልን፣ ሻይ ቀርቦልን፣ የእናታችን ጤና ተጠይቆ፣ ከዚያ ወረቀት? ነውር! ስለዚህ ከባዕድ በወረቀት፣ ከዘመድ በቃል እንገዛለን። ከባዕዱ የገዛነው ሲበላሽ ወረቀታችንን ይዘን እንሄዳለን። ከዘመድ የገዛነው ሲበላሽ ግን አልቅሰን ሌላ እንገዛለን፤ ደግሞ ከዚያው ከዘመድ።

ኢክላስ መሃል ከተማ ካለ አንድ ኮሌጅ ፋርማሲ ትማራለች። ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ቆማ ታንቀላፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ቆማ እያንቀላፋች ትመለሳለች፤ ከዚያ አክስቷን ተክታ ጠረጴዛው ጋ ትቆማለች። ይህ አይበቃም ብሎ ሳትፈልገው ሌላ ሥራ ወጣላት። ከአዲስ አበባም፣ ከሞያሌም፣ ከደሴም ለትምህርት የሚመጣ ልጅ ሁሉ ስልክ ይፈልጋል፣ ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ ፍራሽ ይፈልጋል፣ ጫማ ይፈልጋል። ስዋሂሊ አይችልም፣ ገበያውን አያውቅም። እና ሁሉም አንድ ምክር ይሰጠዋል፦ «ኢክላስን ይዘህ ሂድ።» እሷም ትሄዳለች። አልችልም ማለት አታውቅበትም። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ያንኑ ደረጃ ትወጣለች፣ ያንኑ ባንኮኒ ትደገፋለች፣ «እኚህ ሰው የራሳችን ናቸው» ትላለች።

የተማሪዎቹን አገዛዝ ላየ ሰው ግርም ይላል። በዋጋ አንድ ሰዓት ይከራከራሉ። ትተው ይወጣሉ፣ ይጠራሉ፣ ይመለሳሉ፤ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ሲል ያሸነፉ ይመስላቸዋል። ዕቃውን ግን አንድ ደቂቃ አያዩትም። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ «አዲስ ነው» ተብላ የገዛችው ስልክ ውስጥ የማታውቃቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ ተገኘ፤ ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሚዜዎቹ፣ ኬኩ ሳይቀር። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ወስደው መለሱት? ሰብሰብ ብለው አዩት፣ የሙሽሪትን ቀሚስ አሙ፣ ሳቁ፣ አጠፉት። «ቢያንስ ደስታ ያየ ስልክ ነው» አለች የስልኩ ባለቤት። ኢክላስም አብራ ሳቀች።

ይህች ኢክላስ ናት እንግዲህ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው የምትሆነው። አንድ መድኃኒት መለያ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የላከው ድርጅት በወረቀት ካልታየ መደርደሪያ ላይ አይወጣም ብላ ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ ታገኛለች። ለክኒን ይህን ሁሉ የምትጠይቅ ልጅ፣ የአንድ ሰው የዓመት ልፋት ለሚያወጣ ዕቃ «ወላሂ» የምትለዋን ቃል ብቻ ተቀብላ ትወጣለች። ትምህርት ከክፍሉ በር ውጭ የማይሠራ ከሆነ ምን ሊረባን ነው የምንማረው?

ባለፈው ጥር ብርነሽ መጣች።

ብርነሽ ከደሴ የመጣች፣ ከኢክላስ ኮሌጅ አጠገብ ባለ ሌላ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ የምትማር ልጅ ናት። የሚያስተምራት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ጭነት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ ይውላል። በእሱ ወገብ ነው የምትማረው። የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ለመመረቅ የአንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ሙሉ ንድፍ፣ አምስት ሉህ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ማስረከብ አለባት። ያ ካልሆነ ዓመቱን ትደግማለች። ወንድሟ ደግሞ ሌላ ዓመት የሚከፍልበት አቅም እንደሌለው አስቀድሞ ነግሯታል። ንድፉ በኮምፒውተር እንጂ በእጅ አይሠራም። ስለዚህ ላፕቶፕ። ስለዚህ ኢክላስ።

ጋሽ አብዱልአዚዝ እንደ ልማዳቸው ወንበር ሳቡ፣ ሻይ አስመጡ፣ ስለ ደሴ ጠየቁ። ከዚያ አንድ ላፕቶፕ አወጡ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በላዩ ስስ ላስቲክ የተለበጠበት። ካርቶኑ የታለ ሲባሉ አዲስ መሆኑን በአላህ ስም ምለው፣ ካርቶኑ ብቻ በመንገድ ላይ እንደጠፋ ነገሯቸው። ዓመት እስኪሞላው አንድ ነገር ቢሆን እኔ አለሁ አሉ። ብርነሽ ተከራከረች፣ ትንሽ ቀነሱላት። የሱቁ ቁጥር ዛሬ አስቸግሯል ብለው ገንዘቡን በስልክ ገንዘብ መላኪያው በኤምፔሳ ወደ ሚስታቸው ስልክ አስላኩ። ሁሉም ሰላም ነበር። በመጨረሻ ብርነሽ፣ ቦርሳዋን እየዘጋች፣

«ደረሰኝ ይጽፉልኛል አይደል?» አለች።

ቤቱ ጭጭ አለ። የኢክላስ ፊት ተለዋወጠ። ከባንኮኒው ሥር የብርነሽን ክንድ ይዛ ቆነጠጠቻት፣ የሚያም ቁንጥጫ። ጋሽ አብዱልአዚዝ ግን ሳቁ።

«ኢክላስ እያለች? ደረሰኝሽ እሷ ናት። እግር ያለው ደረሰኝ ከየት ይገኛል?»

ሁሉም ሳቀ። ብርነሽም ክንዷን እያሸች ፈገግ አለች። ደረጃውን ሲወርዱ ኢክላስ እንዳሳፈረቻት፣ ሰውየው እንደ አባቷ እንደሆኑ ነግራ ተቆጣቻት። ብርነሽ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባትሽን አልሰደብኩም፤ ወረቀት ነው የጠየቅኩት።»

በአሥራ አንደኛው ቀን የላፕቶፑ መስታወት ጠቆረ። ብርነሽ የመጀመሪያውን ሉህ ልትጨርስ ስትል።

ሁለቱም ይዘውት ሄዱ። ጋሽ አብዱልአዚዝ አልተቆጡም፤ ሰውን መቆጣት አያውቁም። ሻይ አስመጡ። ተዉልኝ፣ ፈንዲው ያየዋል አሉ። ፈንዲ ማለት እዚህ ጠጋኙ ነው። በሳምንቱ ሲሄዱ ፈንዲው ሞምባሳ ሄዷል። በሌላው ሳምንት የሚገጠመው ዕቃ ከዱባይ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ጁምዓ ነው፤ ከዚያ ደግሞ መብራት ጠፍቷል። በየሳምንቱ ሻይ አለ፣ በየሳምንቱ የእናት ጤና ይጠየቃል። ብርነሽ ከክፍል ጓደኞቿ ኮምፒውተር እየለመነች፣ አንዱ ሲነሣ እሷ እየተቀመጠች አንድ ሉህ ተኩል ሠራች። ጓደኞቿም የራሳቸው ሥራ አለባቸው፤ እየዋለ እያደረ ፊታቸው ጠቆረ። ኢክላስ በየሳምንቱ ከክፍል ወጥታ፣ ምሳ ሳትበላ፣ ያንን ደረጃ ከብርነሽ ጋር ትወጣለች። ከመውጣቷ በፊት አክስቷን ሰላም ትላለች። አክስቷ ይህን ነገር ያውቃሉ፤ ግን ቀና ሳይሉ ቀሚስ ያጥፋሉ።

በስድስተኛው ሳምንት ላፕቶፑ ተመለሰ። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልበራም።

ያኔ ብርነሽ ለጋሽ አብዱልአዚዝ ሳትናገር መሃል ከተማ ወደሚገኝ ሌላ ጠጋኝ ወሰደችው። የብርነሽ ወንድም ልፋት ከንክኗት ኢክላስም ተከትላት ሄደች። ሰውየው የሆዱን ክዳን ፈታ። ውስጡ ትቢያ የጠገበ ነው። ከባትሪው ሥር ደግሞ አንድ የተቀደደ ወረቀት ተለጥፏል፤ የአንድ የሩቅ አገር ትምህርት ቤት ስም፣ የንብረት ቁጥር፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተጻፈ ዓመተ ምሕረት። ሌሎች ተማሪዎች ዓመታት ተጠቅመውበት የጣሉት ነው። ላዩ ተወልውሎ ላስቲክ ተለብጦበታል፣ በቃ። ጠጋኙ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሊሠራ እንደማይችል፣ ቢሠራም እንደማይቆይ ነገራቸው። ለማየት ገንዘብ አልጠየቀም። የእሱ ማዘን ነው ኢክላስን የጎዳት።

የብርነሽ ኮሌጅ ውስጥ የሕግ ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ በነፃ ምክር የሚሰጡበት አንድ ጠረጴዛ አለ። ስንት ተማሪ በአጠገቡ ያልፋል፤ የሚቀመጥ የለም። ብርነሽ ኢክላስን ጎትታ ሄደች። እዚያ ያገኟት አንዲት ኬንያዊት ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከእነሱ አይበልጥም። ታሪኩን ከሰማች በኋላ ብርነሽ ሐፍረት በተቀላቀለበት ድምፅ እኛ እኮ ያገሩ ሰዎች አይደለንም፣ በተማሪ ፈቃድ ነው ያለነው አለቻት። ልጅቱ የኬንያን ሕገ መንግሥት ከፈተች፣ አንቀጽ አርባ ስድስትን አዙራ ከፊታቸው አስቀመጠች፣ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አኖረች። «ሸማች» ነው የሚለው። ሸማች ጥራቱ የተጠበቀ ዕቃ የማግኘት፣ ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛውን የማወቅ፣ ሲጎዳም የመካስ መብት አለው ይላል። ዜጋ አላለም። ኢክላስ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ አገር የኖረች፣ በዚህ አገር ቋንቋ የተማረች ልጅ፣ ይህን ገጽ ያየችው ያን ቀን ነው። እናንተስ አይታችሁታል? ለማየት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ ማንበብ ይበቃል።

ልጅቱ ቀጥላ ትናንሽ ክሶችን ያለ ጠበቃ የሚያይ ፍርድ ቤት እንዳለ ነገረቻቸው። ከዚያ ጥያቄ መጣ። ደረሰኝ አለ? የለም። የከፈሉበት መልእክት? አለ፤ ግን በአንዲት ሴት ስም ነው፣ ለምን እንደተላከ አይናገርም። ዕቃው አዲስ ነው መባሉን የሰማ ምስክር?

ብርነሽ ዞር ብላ ኢክላስን አየቻት። ኢክላስ ወለሉን አየች።

ለማስረከብ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር።

እሑድ ዕለት አክስቷ የፍርድ ቤቱን ነገር ሰምተው ኖሮ አስቀመጧት። አልጮኹም። ጋሽ አብዱልአዚዝ የፈጸሙትን ቀብር፣ የከፈቱትን በር፣ ያስዘረጉትን ጠረጴዛ አንድ በአንድ ቆጠሩላት። እሷም እያንዳንዱን ታውቀዋለች። ከዚያ አክስቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«በሰው አገር፣ በሰው ፍርድ ቤት፣ ያገርሽን ሰው ታቆሚያለሽ? እሺ፣ አቁሚ። በማግሥቱ እኔ ጠረጴዛዬን የት ልዘርጋው?»

 አክስቷ እውነታቸውን ነበር። ብርነሽም እውነቷን ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በሽምግልና እንጨርሰው የሚሉ አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለታችሁም ተቻቻሉ ይላል፣ አንዱ የሸጠ አንዱ የተሸጠለት መሆኑ ተረስቶ ሁለቱም እኩል ጥፋተኛ ሆነው ይሳሳማሉ። ላፕቶፑ ግን አይበራም።

አራት ቀን አለፈ። ብርነሽ ለኢክላስ አልደወለችላትም፤ ይህ ነው የባሰባት። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የመድኃኒት አያያዝ ክፍል ውስጥ ሆና ደብተሯን ከኋላ በኩል ከፈተች። መምህሩ ስለ መለያ ቁጥር ሲያስረዱ እሷ መጻፍ ጀመረች። ዕለቱን ጻፈች። ጋሽ አብዱልአዚዝ ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች፤ አዲስ ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ነው የጠፋው፣ ዓመት እስኪሞላው እኔ አለሁ። ገንዘቡ በማን ስልክ እንደተላከ ጻፈች። ደረሰኝ ተጠይቀው ምን ብለው እንደመለሱ ጻፈች። ቁንጥጫውንም ጻፈችው፤ «ደረሰኝ እንዳትቀበል የከለከልኳት እኔ ነኝ» ብላ። ከዚያ ቀድታ ሁለት አደረገችው፣ ሁለቱም ላይ ፈረመች።

ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። አክስቷን ሰላም አለች። ሱቁ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ስልክ ይዘው በዋጋ እየተከራከሩ ነበር። ጋሽ አብዱልአዚዝ እንዳዩዋት ወንበር ሳቡ። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ የብርነሽ ደረሰኝ መጥቻለሁ» አለች።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አኖረች። ይኸኛው የእርስዎ ነው፣ ሌላው ሰኞ ፍርድ ቤት ይገባል አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሁለቱ ተማሪዎች መከራከራቸውን ትተው ስልኩን መልሰው አስቀመጡ። ከደጃፉ አክስቷ አንዴ የታጠፈ ቀሚስ ዘርግተው እንደገና ያጥፋሉ።

«አንቺን» አሉ ጋሽ አብዱልአዚዝ በመጨረሻ፣ «በዚህ እጄ ይዤ ትምህርት ቤት ያስገባሁሽ እኔ ነኝ።»

«አዎ ጋሼ። ይህን መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው።»

ጋሽ አብዱልአዚዝ ወረቀቱን አጠፉት። ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ድካም ነው። እሳቸውስ ከማን በወረቀት ተቀብለው ነው? ዱባይ ያለው ላኪ «ወላሂ አዲስ ናቸው» ብሎ ነው የላከላቸው፣ እሱም ያገር ልጅ ነው፤ እንዴት ከፍተህ አሳየኝ ይሉታል? አምናቸዋለሁ። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ከዱባይ እስከ ኢስሊ አንድ ሰው እንኳ የዕቃውን ሆድ አልከፈተም፤ ሁሉም የሌላውን ፊት አይቶ አሳለፈ። በመጨረሻ የወደቀው አንዲት ወንድሟ ካርቶን እያነሣ በሚያስተምራት ልጅ ላይ ነው።

ጋሽ አብዱልአዚዝ ጎንበስ ብለው የታችኛውን መሳቢያ ጎተቱ። የደረሰኝ ጥራዝ አወጡ። ከነላስቲኩ ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ በእውነት አዲስ የሆነ ዕቃ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ላስቲኩን በጥፍራቸው ቀደዱ። ከመደርደሪያው ሌላ ላፕቶፕ አወረዱ፣ አበሩት፣ እስኪከፈት ጠበቁ፣ ወደ ኢክላስ አዞሩላት። ከዚያ እስክሪብቶ ይዘው ስም ጻፉ፣ ቀን ጻፉ፣ የዕቃውን ዓይነት ጻፉ። «ሁኔታ» የሚል መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት በአፋቸው ሲምሉበት የኖሩትን ቃል እጃቸው አልደፈረም።

«ምን ልበል?» አሉ።

«የሆነውን ጋሼ።»

«ያገለገለ» ብለው ጻፉ። ከሥሩም የስድስት ወር ዋስትና ጨመሩ፣ ፈረሙ፣ ቀደው ሰጧት። ሻይ አላስመጡም።

ሰኞ ፍርድ ቤት የገባ ወረቀት አልነበረም። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይላችሁ ነበር። ብርነሽ ላፕቶፑን ያገኘችው ለማስረከብ ስድስት ቀን ሲቀራት ነው። ከአምስቱ ሉህ ሦስቱን አደረሰች። መምህራኑ አዩት፣ ተመካከሩ፣ ዓመቱን አትድገም፣ ግን የቀሩትን ሁለት ሉሆች በእረፍት ወር ሠርታ ታቅርብ አሉ። ከጓደኞቿ ጋር አልተመረቀችም። ወንድሟ ለምረቃው ብሎ ያስፈቀደውን ቀን መጋዘን ውስጥ ሠራበት። ሁለት ወር ዘግይታ ጨረሰች። ሁለት ወር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ካርቶን የምታነሡት እናንተ አይደላችሁም።

የአክስቷ ጠረጴዛም ተነሥቷል። ጋሽ አብዱልአዚዝ አላባረሯቸውም፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አክስቷ ራሳቸው በሳምንቱ ጠረጴዛቸውን አጥፈው ደረጃው ሥር ወሰዱት። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም አሉ። ደረጃው ሥር ጨለማ ነው፣ ገበያም ቀዝቃዛ ነው። ኢክላስን አልወቀሷትም፤ ግን ማታ ማታ እግራቸውን ሲያሹ የምታያቸው እሷ ናት። ጋሽ አብዱልአዚዝን ዛሬም በመንገድ ስታገኛቸው ሰላም ትላቸዋለች። እሳቸውም ይመልሳሉ። የእናት ጤና ግን አይጠየቅም።

ኢክላስን ይዘህ ሂድ የሚል ሰው አሁን የለም። ነገረኛ የሚል ስም ወጥቶላታል። በአንድ በኩል አርፋለች፤ ከክፍል ስትወጣ ምሳዋን ትበላለች። ባለፈው ሳምንት ግን ከሞያሌ የመጣች አንዲት አዲስ ተማሪ አግኝታት ስለዚያ ሱቅ ጠየቀቻት። ኢክላስ ጋሽ አብዱልአዚዝ ጥሩ ሰው መሆናቸውን ነገረቻት፤ እውነት ነውና። ቀጥላ፣ አብርተሽ እዪው፣ ክፈቺው፣ ደረሰኝም አስጽፊ አለቻት። ልጅቱ በእንግሊዝኛ እየቀላቀለች ሳቀች፦ ያገር ሰውን ደረሰኝ መጠየቅ አይደብርም ወይ? ከዚያ ሄዳ ገዛች። ደረሰኝ አልጠየቀችም። ጋሽ አብዱልአዚዝም አልሰጧትም። ጥራዙ አንድ ቅጠል ጎድሎበት መሳቢያው ውስጥ ተኝቷል። ወረቀቱም ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም»።

ኢክላስ ይህን ስትነግረኝ አልተናደደችም። ማታቱ ስትጠብቅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የነገረችኝ። የአንድ ልጅ ጉልበት ስንት ጊዜ ያንን ደረጃ ይወጣል?

ስለዚህ እናንተን ልለምን። ነገ ያገር ልጅ ሱቅ ስትገቡ ሻዩን ጠጡ፣ የእናታቸውን ጤና ጠይቁ፣ ከልብ ጠይቁ። ከዚያ ዕቃውን አብሩት፣ አገላብጡት፣ «ጋሼ፣ የሆነውን ይጻፉልኝ» በሉ። ቤቱ ጭጭ ይላል፤ ይበል። አጠገባችሁ ያለ ሰው ሊቆነጥጣችሁ ይችላል፤ ይቆንጥጥ። እስኪጻፍ ድረስ ከባንኮኒው አትነሡ። እባካችሁ፣ ከእንግዲህ የማንንም ልጅ ደረሰኝ አታድርጉ።